የጓሳ ሣርና የባሕር ሣር፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ ስለ ጓሳ ጭላዳዎች ጽፌ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከሸዋ ሮቢት አንድ ሾፌር ደብዳቤ ላከልኝ፤ ጭላዳውን ትቶ የጠየቀኝ ስለ ባሕር ዓሣ ነው። ደብዳቤውን እዚህ ደብረ ብርሃን ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳነብ "እኔም ስለ ባሕር አንድ የምጠይቀው ነገር አለኝ" የማይል ጠፋ። ስለዚህ የዚህ ወር ዓምድ በሙሉ የባሕር ሆነ። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ስለ ባሕር ዳርቻ መጻፍ ለአንዳንዱ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን አይደለም። የተወለድኩት መንዝ ነው፤ ሣር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ባሕር ውስጥም ሣር አለ፣ ሣሩን የሚግጥም አለ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነኝ። ታኅሣሥ ላይ ጭነት ስንጠብቅ ሰነበትንና አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር አርታ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ወረድን። በጀልባ ትንሽ ገባ እንዳልን ጀርባው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ሚኒባስ የሚያህል ዓሣ አፉን በርግዶ በአጠገባችን አለፈ። ጀልባ ነጂው "አትፍሩ" ቢለንም እኔ እስካሁን በዓይኔ ላይ አለ። ምንድን ነው? ሰው አይበላም? ደግሞ በየዓመቱ በዚህ ወቅት ይመጣል ያሉን እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ እንኳን አየኸው! ያየኸው ዌል ሻርክ ይባላል። በዓለም ላይ ካሉ ዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው። "ዌል" ዓሣ ነባሪ ማለት ነው፤ ይህን ስም ያገኘው በግዝፈቱ ነው እንጂ ዓሣ ነባሪ ሆኖ አይደለም። ዓሣ ነባሪ አጥቢ ነው፣ ለመተንፈስ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ ግን እውነተኛ ዓሣ ነው፣ የሻርክ ወገን።

ሰው አይበላም። ቢፈልግም አይችልም፤ ጉሮሮው ጠባብ ነው። ምግቡ ፕላንክተን የምንለው በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ሕይወት፣ የዓሣ እንቁላል፣ ትንንሽ ሽሪምፕና ትንንሽ ዓሣ ነው። አፉን ከፍቶ ሲሄድ ውሃው ይገባል፣ በጎንና በጎኑ ባሉት ስንጥቆች ይወጣል፣ ምግቡ እንደ ወንፊት ባለው ማጥለያው ላይ ይቀራል። ፕላንክተኑ በጣም በተከማቸበት ቦታ ደግሞ መሄዱን ትቶ ጭራውን ወደ ታች አድርጎ ቀጥ ብሎ ይቆምና ውሃውን ይምጋል። ይህን ካላየህ ሌላ ጊዜ ስትሄድ ተጠባበቅ፣ ድንቅ ነገር ነው።

እውነት ነው፣ በየዓመቱ ይመጣሉ። ከጥቅምት አካባቢ እስከ ጥር መጨረሻ ባለው ጊዜ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ፕላንክተን ስለሚበዛ እነሱም ምግቡን ተከትለው ወደ ዳርቻው ይጠጋሉ። እዚያ የሚታዩት አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ናቸው፤ ርዝመታቸው ከ3 እስከ 5 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሚኒባስ ያህላል ያልከው ልክ ነው። ሙሉ በሙሉ ያደገው ግን እስከ 18 ሜትር ይደርሳል ይባላል፤ ከነተሳቢው ያለ መኪናህን አስበው። ጎልማሶቹ ወደ ጥልቁ ውቅያኖስ ይርቃሉ፤ ሲወልዱ ያየ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ነጠብጣቡን ልብ ብለኸው ከሆነ፣ እንደ ሰው የጣት አሻራ ነው፤ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። ተመራማሪዎች ፎቶ ያነሱና ነጠብጣቡን ያነጻጽራሉ። ለማነጻጸሪያ የሚጠቀሙበት የኮምፒውተር ስሌት መጀመሪያ የተሠራው ለከዋክብት ነበር፣ በሰማይ ፎቶ ላይ አንዱን የኮከብ ስብስብ ከሌላው ለመለየት። ስለዚህ አንተ ያነሳኸው ጥሩ የጎን ፎቶ ካለ ዋጋ አለው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ይህ ዓሣ ከመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት አንዱ ነው። ምግቡ ያለው ውሃው ገጽ ላይ በመሆኑ የጀልባ ሞተር ይቆርጠዋል፤ ብዙዎቹ ላይ ጠባሳ ይታያል። ጀልባ ነጂው እንዲያባርረው አትክፈሉት። ሞተሩን ያቀዝቅዝ፣ እናንተም አትንኩት፣ ሦስትና አራት ሜትር ራቅ ብላችሁ እዩት። ካልተረበሸ ራሱ በአጠገባችሁ ያልፋል፣ አንተም እንዳየኸው።

ጥያቄ፦ ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። መምህራችን የባሕር ላም አለች ብለውናል አለችኝ። እኔ የምትቀልድብኝ መስሎኝ ተቆጣኋት፣ አሁን ቆጨኝ። እውነት የባሕር ላም አለች? ምን ትበላለች? ጥጃዋንስ ታጠባለች? (አንዲት እናት፣ ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ አለች፣ እናቴ። ልጅዎ እውነቷን ነው፤ ይቅር በይኝ ይበሏት፣ ደስ ይላታል።

ስሟ ዱጎንግ ነው። ርዝመቷ 3 ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ እስከ 400 ኪሎና ከዚያም በላይ ይደርሳል። እንደ ዶልፊን የተከፈለ ጭራ አላት፣ አፍንጫዋና አፏ ግን ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ መሬት ለመሬት ለመጋጥ የተሠራ አፍ ነው። መኖሪያዋ ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ተነሥቶ እስከ ፓስፊክ ደሴቶች ድረስ ወደ 40 የሚሆኑ አገሮችን ያካልላል። ቀይ ባሕር ውስጥም አለች፣ ማለትም ከእኛ ብዙም አትርቅም።

ላም ትባል እንጂ ዘመዷ ላም አይደለም። በየብስ ካሉት እንስሳት ቅርብ ዘመዶቿ ዝሆንና ሽኮኮ ናቸው። አዎ፣ ያው እናንተ ገደል ላይ ፀሐይ ሲሞቅ የምታዩት ሽኮኮ! ይህን መጀመሪያ የሰማሁ ቀን እኔም ማመን አቅቶኝ ነበር። ለልጅዎ ይንገሯት፣ መምህሯንም ታስደንቃለች።

ምግቧ የባሕር ሣር ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልንገርዎት፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። የባሕር ሣር ሲባል ድንጋይ ላይ የሚለጠፈው አረንጓዴ አልጌ አይደለም። ሥር ያለው፣ ቅጠል ያለው፣ አበባ የሚያወጣ እውነተኛ ተክል ነው፤ ልዩነቱ ዕድሜውን ሙሉ በጨው ውሃ ውስጥ መኖሩ ነው። ፀሐይ ስለሚያስፈልገው ጥልቅ ባሕር ውስጥ አይበቅልም። ዳር ዳሩን፣ ብርሃን እስከሚደርስበት ብቻ ነው። ዱጎንግም ለዚህ ነው ከዳርቻ የማትርቀው።

በቀን ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሣር ትበላለች። ጠንካራ ከንፈሯን አሸዋው ውስጥ ከትታ ሣሩን ከነሥሩ ነቅላ ነው የምትበላው፤ ጣፋጩና ኃይል ሰጪው ከአሸዋው በታች ያለው ግንዱ ነውና። ያለፈችበት መስመር ከላይ ሲታይ ማረሻ የሄደበት ትልም ይመስላል። ጭላዳ በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ምን እንደሚያደርግ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፦ ቁጭ ብሎ በጣቱ ይቆፍራል፣ ሥሩን ያወጣል። ዱጎንግ ጣት የላትም፣ በከንፈሯ ታደርገዋለች። ሁለቱም ሣር ከሌለ የሚሄዱበት የላቸውም።

ጥጃዋን ታጠባለች። ጡቷ ከክንፏ ሥር፣ ብብቷ ላይ ነው። ጥጃው ዓመት ከመንፈቅ ያህል ይጠባል፣ ከእናቱም ጎን አይጠፋም። ሁለቱም አየር ስለሚተነፍሱ በየጥቂት ደቂቃው አፍንጫቸውን ብቅ ያደርጋሉ፣ ተመልሰው ወደ ሣራቸው ይሰጥማሉ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ዱጎንግ 70 ዓመት ድረስ ትኖራለች፣ ግን በጣም ቀስ ብላ ነው የምትራባው። እርግዝናዋ ከ13 ወር በላይ ነው፤ የምትወልደው አንድ ነው፤ ሌላ እስክትወልድ ከ3 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። ማንም ባይነካት፣ ሣሩም ቢሞላ፣ ቁጥራቸው በዓመት ከ5 በመቶ በላይ አያድግም። አንዲት እናት በመረብ ስትሞት ምን ያህል እንደሚጎድል አስቡት። የምትሞተውም አብዛኛውን ጊዜ ለሥጋዋ ተፈልጋ አይደለም፣ ለሌላ ዓሣ በተዘረጋ መረብ ተጠላልፋ፣ ወጥታ መተንፈስ አቅቷት ነው።

በሰሜን ፓስፊክ አንዲት ትልቅ ዘመድ ነበረቻት፣ የስቴለር የባሕር ላም የምትባል። ሳይንቲስቶች ያገኟት እ.ኤ.አ. በ1741 ነው። በ1768 አለቀች። ሃያ ሰባት ዓመት! አዳኞች ለሥጋዋና ለስቧ ጨረሷት። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ሆዴን ይበላኛል።

ሁለተኛው ጠላት ደለል ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 አውስትራሊያ ውስጥ ሄርቪ በሚባል ባሕረ ሰላጤ ጎርፍና ማዕበል ተከታትሎ መጣ። ከወንዞቹ የወረደው አፈር ውሃውን አደፈረሰው፣ ብርሃን ጠፋ፣ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የባሕር ሣር ሞተ። ዱጎንጎቹ ከፊሉ ተርቦ ሞተ፣ ከፊሉ ሣር ፍለጋ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ተሰደደ። ከብት ይዞ በድርቅ የተሰደደ ሰው ይህን ለመረዳት ባሕር ማየት አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ እኛ የመንዝ ሰዎች ጓሳን በቄሮ ሥርዓት ስንጠብቅ ኖረናል። ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ ለሁሉም ይከፈታል፣ ሰርቆ ያጨደ ይቀጣል። ባሕር ግን ድንበር የለውም፤ እንስሳውም ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው። እንዴት ሆኖ ነው የሚጠበቀው? (አንድ አባት፣ ከመንዝ ጌራ)

መልስ፦ አባቴ፣ ጥያቄዎን ሁለት ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ቄሮን ለማያውቁ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር፦ ሥርዓቱ ለመቶዎች ዓመታት የቆየ ነው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ፈርሶ ሣሩ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ ዛሬ ጓሳ እንደገና በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ቦታ ነው። ጣሪያ የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት ሣር ስለተጠበቀ ነው ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እስከዛሬ ያሉት።

እንደ ቄሮ ያለ ነገር ባሕር ላይም አለ። ማዳጋስካር ውስጥ አንዳቫዶአካ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ2004 መንደሩ ተስማምቶ ኦክቶፐስ ከሚይዙበት የባሕር ዳርቻ ከፊሉን ለጥቂት ወራት ዘጉት። ኦክቶፐስ ስምንት እጅ ያለው፣ አጥንት የሌለው የባሕር እንስሳ ነው፣ እድገቱም ፈጣን ነው። ሲከፈት የተያዘው በቁጥርም በክብደትም ከቀድሞው በለጠ። ጎረቤት መንደሮች ይህን አይተው እነሱም ዘጉ። ቆይቶ ከ20 በላይ መንደሮች ተባብረው ቬሎንድሪያኬ የሚባለውን የጥበቃ ቦታ አቋቋሙ፤ አንዳንዱን ስፍራም ለሁልጊዜ ዘጉት። ሕጉን የሚያወጣው መንደሩ ነው፣ የሚቀጣውም እሱ ነው። ያው የእርስዎ ቄሮ ማለት ነው። ኬንያ ውስጥም ኩሩዊቱ በሚባል ቦታ አጥማጆች ራሳቸው ከኮራል ድንጋያቸው (ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት፣ ዓሣ የሚጠለልበት ድንጋይ ነው) ከፊሉን ዘግተው ዓሣው ተመልሷል።

ግን ልክ ነዎት፣ መዝጋት ለሁሉም አይሠራም። ለኦክቶፐስ ስድስት ሰባት ወር ይበቃዋል። ለዱጎንግ ስድስት ወር ምንም ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ እርግዝና እንኳ ተጀምሮ አያልቅም። ለእሷ የሚያስፈልጋት ሣሩ ያለበት ቦታ ላይ መረብ እንዳይዘረጋ ነው፣ ለዓመታት፣ ሳይቋረጥ። የባሕር ኤሊ ደግሞ ከዚህም ይከብዳል፦ በአትላንቲክ መካከል ባለችው አሴንሽን ደሴት እንቁላል የምትጥለው አረንጓዴ ኤሊ የምትግጠው ብራዚል ዳርቻ ነው፤ መንገዱ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንዱ አገር ጠብቆ ሌላው ቢያርድ የጠበቀው ድካም ከንቱ ነው። ለዚህ ነው አገሮች መስማማት ያለባቸው። ለዱጎንግ ብቻ የተዘጋጀ የአገሮች መግባቢያ ሰነድ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አለ። ወረቀት ብቻውን እንስሳ እንደማያድን አውቃለሁ፣ ግን ከምንም ይሻላል።

እኔ ከሁሉ የምወደው የዋታሙን ነው፣ ያውም ኬንያ። አጥማጅ መረቡ ውስጥ ኤሊ ሲገባበት አያርደውም፤ ስልክ ይደውላል። ሰዎች መጥተው ያዩታል፣ ቁስል ካለው ያክሙታል፣ ካልሆነ ይለቁታል፤ ለአጥማጁም ለጠፋበት ጊዜና ለተቀደደ መረቡ ትንሽ ካሳ ይሰጡታል። የደሃ ጉሮሮ ሳይዘጋ እንስሳው ተረፈ። ሕግ እንዲህ ሲሆን ነው የሚከበረው፣ ይህን እርስዎም በጓሳ አይተውታል።

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃን ተማሪ ነኝ። በሬሳ ወንዝ ውስጥ የሚጣለው ፌስታል ባሕር ደርሶ ኤሊ ይገድላል የሚባለው እውነት ነው ወይስ ማጋነን ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ካርታውን አብረን እንየው። ጣርማ በር ላይ የሚዘንበው ዝናብ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ወደ ደብረ ሲና የወረደው በእነ ሮቢና ጀውሃ በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። በዚያ በኩል የሚጣለው ፌስታል እዚያው አፋር ውስጥ ይቀራል፣ ፍየልና ግመል ይበላዋል። በሬሳ ግን ወደ ጀማ ይገባል፣ ጀማ ወደ አባይ፣ አባይ ሜዲትራኒያን ድረስ። መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው። መሐል ላይ የህዳሴ ግድብና አስዋን ስላሉ አብዛኛው እዚያ እንደሚቀር መገመት አያስቸግርም፣ ስለዚህ "ያንቺ ፌስታል ነገ ኤሊ ይገድላል" የሚል ሰው አጋኗል።

ፌስታል ኤሊ ይገድላል የሚለው ግን አልተጋነነም። ቆዳ ጀርባ የሚባለው ግዙፍ ኤሊ የሚመገበው ጄሊፊሽ የሚባለውን ለስላሳ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ገላ ያለው የባሕር እንስሳ ነው፣ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ፌስታልና ጄሊፊሽ ደግሞ በጣም ይመሳሰላሉ። ባሕር ውስጥ የቆየ ፕላስቲክ የምግብ ሽታም ይይዛል። የኤሊ ጉሮሮ ውስጥ ወደ ሆዱ ያጋደሉ እሾህ መሳይ ነገሮች አሉ፤ የሚያሟልጨው ምግብ እንዳያመልጥ ነው። አንዴ የዋጠውን መትፋት ይቸግረዋል። ፌስታሉ አንጀቱን ይዘጋዋል።

በሬሳን ማጽዳት ግን ለኤሊ ብለሽ ብቻ አይደለም። ከታች ያለው ገበሬ ከብቱን የሚያጠጣው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የባሕር ኤሊ የተወለደችበትን ዳርቻ ታስታውሳለች ይባላል። እንዴት? (ከአንኮበር)

መልስ፦ ባጭሩ፣ በምድር መግነጢስ። እያንዳንዱ ዳርቻ የራሱ የመግነጢስ ምልክት አለው፤ ጫጩቷ ከአሸዋው ወጥታ ወደ ባሕር ስትሮጥ ይህ ይቀረጽባታል ተብሎ ይታመናል። አድጋ ለመውለድ 20 እና 30 ዓመት ይፈጅባታል፣ ከዚያ ወደዚያው አካባቢ ትመለሳለች። ወደ 100 እንቁላል በአሸዋ ቀብራ ትሄዳለች። አሸዋው ሲሞቅ የሚፈለፈሉት ሴቶች፣ ሲቀዘቅዝ ወንዶች ይሆናሉ፤ ዓለም ስትሞቅ ወንድ ኤሊ እየጠፋ የሚሄድበት ምክንያት ይኸው ነው። ደስ የሚል ዜናም አለ፦ ለአሥርተ ዓመታት እንቁላሏ ስለተጠበቀ አረንጓዴዋ ኤሊ እ.ኤ.አ. በ2025 ከአደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ወጥታለች። ስፖንጅ የሚባለውን የባሕር እንስሳ የምትበላው ሆክስቢል ኤሊ ግን አሁንም ክፉ አደጋ ላይ ናት፤ ጥፋቷ ዛጎሏ ማማሩ ነው።

ጥያቄ፦ አጣዬ የሳይንስ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን ባሕር ላሳያቸው ብል አቅሙ የለም። ክፍል ውስጥ ምን ላድርግ?

መልስ፦ መምህር፣ ሁለት ነገር ይበቃዎታል። አንደኛ፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ እፍኝ ጤፍ ይበትኑና ተማሪው ወንፊት ይዞ ውሃውን እንዲያልፍበት ያድርጉ። ውሃው ያልፋል፣ ጤፉ ይቀራል። ዌል ሻርክ የሚበላው እንዲህ ነው። ምን ያህል ጊዜ ሲያልፍ ምን ያህል ጤፍ እንደያዘ ይቁጠሩ፣ ከዚያ ጤፉን በግማሽ ቀንሰው ይድገሙት፤ ዓሣው ምግብ ወደበዛበት ለምን እንደሚጓዝ ራሳቸው ይነግርዎታል።

ሁለተኛ፣ ሁለት ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይሙሉ። ከሥራቸው አንዳንድ አረንጓዴ ቅጠል ያስቀምጡ። ክፍሉን አጨልመው በስልክ መብራት ከላይ ያብሩ፤ ሁለቱም ቅጠል ይታያል። አሁን በአንዱ ብርጭቆ ከደጅ ያመጡትን አፈር አንድ ማንኪያ ጨምረው ያማስሉት። መብራቱን መልሰው ያብሩ። ከዚያ ተማሪዎቹን "ቅጠሉ የታለ?" ብለው ይጠይቋቸው።